ከመቀመጫው ሥር ያለው ፍርፋሪ

የዓይን ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ሲያበቃ ሴትየዋ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው የባሏን ጫማ ነበር።

«ይሄን ጫማ ነው አድርገህ የመጣኸው?» አለች።

ሐኪሙ ሳቀ። ልጇ አለቀሰች። አማቿ፣ የልጇ ባል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር፣ ጫማውን ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ። ቁጣዋ ደስ አሰኝቶታል። ለወራት ግድግዳ ተደግፋ ስትሄድ፣ የሻይ ማንኪያ በዳሰሳ ስትፈልግ፣ በር ላይ የቆመውን ሰው በድምፁ ስትለይ የኖረች ሴት፣ ዓይኗ እንደበራ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እሱን መቆጣት ሆነ። እንደ ድሮው ማለት ነው። ሰው ዳነ የሚባለው ምናልባት እንደ ድሮው መቆጣት ሲችል ይሆናል።

ሐኪሙ የጠብታውንና የጥንቃቄውን ነገር ለልጅቱ አስረድቶ አሰናበታቸው። አራቱም ከክሊኒኩ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር ማንም እህል አልቀመሰም። እዚያው ደረጃ ላይ፣ ስንቱን ደህና ቤተሰብ መንገድ ላይ ያጣላው ጥያቄ ተነሳ፤ የት እንብላ?

አማቹ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው። ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ስልኩ ውስጥ የሌለ ነገር ደግሞ ገና አልተፈጠረም። አንድ ረጅም ሕንፃ አናት ላይ ያለ ምግብ ቤት አገኘና ሥዕሉን እያዞረ አሳያቸው። አምስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ኮከብ እንዳለው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዳመሰገነው ተናገረ።

«እነዚህን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?» አለ ሹፌሩ።

«የትኞቹን፣ አባባ?»

«ያመሰገኑትን።»

«ኧረ አላውቃቸውም። ማን ያውቃቸዋል?»

«እንግዲያው ልጄ፣ ዓይኗ ዛሬ የበራላትን ሴት ይዤ፣ የማላውቃቸው ሰዎች አመሰገኑ ብዬ ሰማይ ላይ አልወጣም።»

ልጅቱ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር ሁሉ በልክ እንዲሆን የምትወድ ናት። እሷ የፈለገችው ጭስ የሌለበት፣ ጫጫታ የሌለበት፣ አቧራ የማይገባበት፣ ለእናቷ የሚመች ወንበር ያለውና ከመናኸሪያው ያልራቀ ቦታ ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ አሁን ትተሽው ወጣሽ ብሎ ባሏ ወደ ክሊኒኩ በር ጠቆመላት። በክርኗ ገፋችው።

ሹፌሩ ግን ቦታውን ከመረጠ ቆይቷል። የመረጠው ዛሬ አይደለም፤ ቤት ሆነው ሻንጣ ሲያዘጋጁ ነው። ከዚያም በፊት ነው ቢባል እውነት ይሆናል።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የነዳበት መስመር ከሚኖርባት ከተማ ተነስቶ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ይዘልቅ ነበር። ይህች ትልቅ ከተማ የመስመሩ ወገብ ላይ ናት፤ ሲሄድም ሲመለስም ለምሳ የሚያቆመው እዚህ ነው። የት እንደሚቆም የሚወስነው ደግሞ ሹፌሩ ነበር። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ሙሽራዋ፣ ሆዱን ለእሱ አደራ ሰጥቶ ይከተለዋል። እሱም ሥራ ከጀመረ አንስቶ ጡረታ እስኪወጣ ከአንድ ቤት በቀር ሌላ ቤት በር ላይ አቁሞ አያውቅም። ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ጎማ ጠጋኞች በተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ምግብ ቤት ነው። ሹፌሮች የሚገቡት በጓሮ በር ነበር። ከማድ ቤቱ ጎን ለእነሱ የተለየች ክፍል አለቻቸው። እዚያች ክፍል ውስጥ የነበረው ወፍራም ጠረጴዛ፣ የደከመ እግር የሚዘረጋበት አግዳሚ፣ በመስኮቱ የሚገባው የሽንኩርት ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ከአጥንቱ የሚለቅ ሥጋና መረቁ ውስጥ የቀለጠ ድንች፣ ይህ ሁሉ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በሐሳቡ ውስጥ እየሰፋ፣ እየደመቀ፣ እየጣፈጠ ሄዷል። የትዝታ ምድጃ አይጠፋም፤ ማንም ሳይነካው እያደር ያበስላል።

ቤት ውስጥ ሚስቱ የሠራችው ሲጥመው እንኳ፣ ጥሩ ነው ግን የዚያን ቤት አያህልም ይል ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ሳህኑን ታነሳበት ነበር። እሷ ግን በዚህ ተቀይማው አታውቅም። ፈገግ ብላ ትጨምርለታለች።

ጡረታ ብዙ ነገር ወስዶበታል። መሪውን ወሰደ፤ የመንገዱን ወሬ ወሰደ፤ ገና ከሩቅ በክላክስ ድምፁ የሚያውቁትን ሰዎች ወሰደ። ዛሬ ቲኬት የሚቆርጠው አማቹ በስልኩ ነው። የት እንደሚያድሩ የወሰነችው ልጁ ናት። ሐኪሙን አጠያይቀው ያገኙት እነሱ ናቸው። እሱ በዚህ ጉዞ ላይ ሻንጣ ጠባቂ ሆኖ ነው የመጣው፤ ቀልደው የነገሩትም እንዲያ ነው። አንድ ያልተወሰደበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሰውን የት ወስዶ እንደሚያበላ ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ጥሩ ቤት አስገብቶ ምሳ አብልቷል። ይህን ቤተሰቡ አፉ ላይ አድርጎ ሳያየውለት ከዚህች ከተማ መውጣት አልፈለገም።

ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረው ቅሬታ ቢኖር የፍርፋሪ ነገር ነው። አውቶቡሱ መጨረሻው ደርሶ ሰዉ ሲወርድ፣ ጠራጊ እያለ፣ በመቀመጫዎቹ መሃል መጥረጊያ ይዞ የሚያልፈው ራሱ ነበር። ከየመቀመጫው ሥር የዳቦ ፍርፋሪ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የብርቱካን ልጣጭ ይጠርጋል። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ያማርር ነበር። ከምርጥ ቤት በር ላይ አወርዳቸዋለሁ፣ በልተው ይመጣሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ሲቆረጥሙ ይውላሉ፤ የሰው ሆድ መጨረሻ የለውም እንዴ? እሷም የእጅ ውኃ እያፈሰሰችለት፣ ሆድ ነው እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ ትለው ነበር።

ፍርፋሪው ላይ ሌላም ይጨመራል። ከምሳ በኋላ ወደ ቤት በሚመልሰው መንገድ ገደል አፋፍ ላይ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ አለ። እዚያ ሲደርስ ከኋላው መስኮቶች አንድ በአንድ ሲከፈቱ ይሰማል። ምስኪኖች፣ ጠግበው በልተው አቅለሸለሻቸው ይልና ፍሬን ይዞ፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው፣ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሌሎች አውቶቡሶች እየቀደሙት ክላክስ ይነፉበታል። ጋሽ ፍሬን የሚለው ስም የወጣለት ከዚያ ነው። መጀመሪያ ለስድብ ነበር፤ በኋላ ሰው በስሙ መርጦ ቲኬት የሚቆርጥበት ሆነ።

«እኔ እወስዳችኋለሁ» አለ አሁን፣ ደረጃው ላይ። «ቅርብ ነው።»

ልጅቱ ወዴት እንደሆነ ወዲያው ገባት። አባዬ፣ ያ ቤት እስካሁን መኖሩን በምን አወቅህ አለችው። ጥሩ ቤት አይጠፋም አላት። አማቹ ስልኩ ላይ ፈልጎ አጣው፤ ስሙ እንኳ የለም። ሹፌሩ ይህን እንደ ምስክር ወረቀት ቆጠረው። ዳኝነቱ ወደ ሴትየዋ ዞረ። እሷ ግን ክርክሩን አልሰማችም። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን የሱቅ ጽሑፎች አንድ በአንድ፣ ድምፅ እያሰማች ታነብ ነበር፤ የልብስ ስፌት፣ የመስታወት ሥራ፣ ጥርስ እንነቅላለን። ጥርስ የሚለው ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምትወስኚው። ቀኑ ያንቺ ነው» አለቻት ልጇ።

«እሱ ያለው ይሁን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እሱ ያለው ይሁን አልኩ እኮ።» ይህን ብላ የእጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሹፌሩ አላያቸውም። ፊት ፊት መሄድ ጀምሮ ነበር።

ቅርብ ያለው ሳይቀርብ ቀረ። ሁለት ጊዜ ዞረው አንዱ ጥግ ላይ ያለ የጫማ መሸጫ በር ላይ ተመልሰው ቆሙ። ከተማዋ ተለውጣለች፤ መናኸሪያው ወደ ዳር ወጥቶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እሱን ግራ ያጋባው ግን የከተማዋ መለወጥ ብቻ አልነበረም። እነዚህን መንገዶች በእግሩ ሄዶባቸው አያውቅም። ሁሉንም የሚያውቃቸው ከሹፌር ወንበር ከፍታ ላይ ሆኖ፣ በፊት ለፊቱ መስታወት በኩል ነው። ከታች ሆኖ ሲያያቸው የሰው ከተማ ሆኑበት። አማቹ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ያ ባለኮከቡ ቦታ እኮ ከዚህ ብዙ አይርቅም አለ። ልጅቱ በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

ሹፌሩ ዙሪያውን ተመለከተና አንድ የባንክ ቤት ደረጃ ላይ ወጣ። ሦስተኛው እርከን ላይ ቆሞ አንገቱን አቀና። ሁለት እጆቹ፣ ሳይታወቀው፣ በደረቱ ትይዩ ተነስተው የሌለ መሪ ያዙ። ጥቂት ቆየና ፊቱ በራ።

«ያውና የውኃ ማጠራቀሚያው። ከእሱ ወደ ቀኝ ነው።»

የባንኩ ጥበቃ ምን ነካቸው በሚል ዓይን አየው። ሴትየዋ ከታች ቆማ ቀና ብላ ባሏን አየችው። በዚህ ሁኔታ ካየችው ዘመን የለውም። «ውረድ እንግዲህ፣ ተሳፋሪው ርቦታል» አለችው።

ቤቱ ነበረ። ቀለሙ ተላልጦ፣ በሩ ጠቦ፣ በሁለት አዳዲስ ሕንፃዎች መሃል አንገቱን ደፍቶ፣ ግን ነበረ። የሹፌሩ ልብ እንደ ጎረምሳ ልብ መታ። እርምጃውን አፈጠነና በፊት ለፊቱ በር አልፎ፣ በግድግዳው ጥግ ታጥፎ፣ ወደ ጓሮው ሄደ። ሦስቱ መንገዱ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አባዬ፣ በሩ እኮ እዚህ ነው» ብላ ልጁ ተጣራች።

የጓሮው በር ተዘግቶ የለስላሳ ሣጥን ተደርድሮበታል። ሹፌሩ ሣጥኖቹ ፊት ትንሽ ቆመና ራሱ ላይ እየሳቀ ተመለሰ። እግሬ ነው የወሰደኝ አላቸው። ከዚያም ያን ሁሉ ዘመን ባቆመበት ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባ።

ወደ ውስጥ ሲገባ አንዳች እንግዳ ስሜት ያዘው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ወደ ማድ ቤቱ የሚያስገባ መጋረጃ ተሰቅሏል። ያን መጋረጃ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ከዚያኛው በኩል ነበር። አዳራሹን አይቶት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረና አልመጣለትም። ሰው ስለሚወደው ቦታ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ ቦታው ሳይሆን እሱ ስለ ተቀመጠበት ወንበር ነው፤ ሹፌሩ ይህን ገና አላሰበውም፤ ግን ቅዝቃዜው ከወዲሁ ነካ አድርጎት አለፈ።

ቤቱን አሁን የምታስተዳድረው የድሮዋ ባለቤት ልጅ ናት፤ ጎልማሳ፣ ደርባባ ሴት። ማንነቱን ሲነግራት ክንዷ ላይ የነበረውን ፎጣ ጥላ መጣች። እናቷ ካረፈች መቆየቷን፣ አውቶቡሶቹም መናኸሪያውን ተከትለው መሄዳቸውን ነገረችው። «እናቴ እኮ ድስቷን የምታወርደው የእርስዎን ክላክስ ስትሰማ ነበር፤ ጋሽ ፍሬን ደረሰ ትል ነበር» አለችው። ሹፌሩ ይህን አማቹ መስማቱን ለማረጋገጥ ዞር አለ። አማቹ ሰምቷል። ስልኩንም ኪሱ ከቶታል።

አራቱም አንድ ዓይነት አዘዙ፤ ያንኑ ሥጋ በድንች፣ ከሩዝና ከዳቦ ጋር። እስኪመጣ ድረስ ሹፌሩ ሥጋው እንዴት ከአጥንቱ እንደሚለቅ፣ መረቁን በዳቦ እንዴት እንደሚጠርጉት አስረዳቸው። ልጅቱ የጠረጴዛውን ላስቲክ በጣቷ ትከረክራለች። ሴትየዋ አዲሱን ዓይኗን ጣራው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ታንሸራሽራለች።

መጀመሪያ ሦስት ሳህን መጣ። ቀጥሎ ባለቤቷ ራሷ፣ በሁለት እጇ፣ የተከደነ አራተኛ ሳህን ይዛ መጥታ ሹፌሩ ፊት አስቀመጠችና ገለጠችው። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ያው ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ለቋል፤ ድንቹ ቀልጧል፤ ሽታው ሳይቀር ያው ነው። ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረውም። ሊጨፍን ሲል ግን የሚስቱን ሳህን አየ። ውኃ የመሰለ መረቅ ውስጥ ሁለት ያልበሰሉ ድንቾች ተቀምጠዋል፤ በመሃላቸው ነጭ ጅማት አለ። የልጁንም አየ። የአማቹንም አየ።

ስህተት የተፈጠረ መሰለው። ለእነሱም ከዚሁ አምጪላቸው እንጂ አላት ባለቤቷን፣ በለዘበ ድምፅ።

እሷም ያለ ምንም ክፋት ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሹፌር ነው። ትንሿ ድስት። እናቴ ለብቻዋ ነበር የምትጥዳት። ሹፌሩ ደስ ካላለው አውቶቡሱን ይዞ ጎረቤት ይሄድ የለ? አሁን ለራሳችን ነው የምንጥዳት፤ እርስዎን ሳይ ከራሳችን ላይ ቀነስኩልዎት።» ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ወደ ማድ ቤቷ ገባች።

ሹፌሩ ማንኪያውን አንስቶ ከሚስቱ ሳህን ቀመሰ። ጨው ጨው አለው፤ ከጨው በቀር ምንም አላለውም። ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ቀስ ብሎ ዋጠ። ያ ሁሉ ሰው በዓይኑ ላይ መጣ። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ሙሽራዋ። ከጓሮ ሲወጣ ከንፈሩን እየጠረገ፣ ጠገባችሁ? ይላቸው ነበር። ጠገብን ይሉት ነበር። እሱም እንደ ጥሩ አባት ኮርቶ መሪው ላይ ይወጣ ነበር።

«አንቺ» አለ በመጨረሻ፣ ሚስቱን ሳያይ። «እህትሽ ዘንድ ስትመላለሺ ከእኔ ጋር ትሳፈሪ ነበር። እዚህ ስናቆም ምን ትበዪ ነበር?»

«የመጀመሪያውን ጊዜ ይሄንኑ በላሁ።»

«ከዚያስ?»

ሴትየዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከዚያማ ከቤት ቋጥሬ መጣሁ። እኔ ብቻ መሰልኩህ? መንገደኛው ሁሉ ቋጥሮ ነው የሚመጣው። አዲስ ሰው ብቻ ነበር እዚህ የሚበላው፤ እሱም አንዴ ነው። አንተ በጓሮ ስትገባ እኛ በፊት በር እንገባና፣ ረዳትህ ከአንተ ጋር መግባቱን አይተን ተመልሰን አውቶቡሱ ላይ እንወጣለን። አንዱ ዳቦ ያወጣል፣ አንዱ እንቁላል ያወጣል። እንካፈላለን።»

«ፍርፋሪው» አለ ሹፌሩ።

«ፍርፋሪው።»

ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ቅርፊቱን ከመቀመጫው ሥር የምደብቀው እኔ ነበርኩ» አለች።

«ለእኔም አልነገሩኝም፣ አባባ» አለ አማቹ። ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ልጅ ወደደው።

ከዚያ በኋላ የጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ ለምን አልነገርሽኝም። የጠየቀውም በቁጣ አልነበረም። ሴትየዋ መልሱን ፍለጋ ጥቂት ወደ መጋረጃው ተመለከተች።

«ከዚያ ክፍል ስትወጣ ፊትህን አላየኸውም» አለችው። «እንደ ሙሽራ ነበር የምታበራው። ከፊታችን ያለው ደግሞ ያ ገደል ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡ። ይሄ ልጅ እንዲህ ደስ ብሎት ከነዳን ምን አጎደለብን፣ ማንም እንዳይነግረው አሉ። ማንም አልነገረህም።»

ሹፌሩ ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋው። ብሉ አላቸው። አራቱም ከአንዱ ሳህን፣ ከትንሿ ድስት፣ በዳቦ እየጠረጉ በሉ። ለአራት ሰው ትንሽ ነበር፤ ግን ልጅቱ እንኳ፣ አባዬ፣ ለካ እውነትህን ነው አለች። እውነቱን ነበር። ይህ ነገሩን አቀለለውም፣ አከበደውም። አልዋሸም፤ የቀመሰውን ነው የመሰከረው። ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው ቤቱን ሳይሆን አንዷን በር ብቻ እንደሆነ ማን ነግሮት ያውቃል?

ሲወጡ ባለቤቷን አመሰገናት፤ ለእናቷም ነፍስ ይማር አላት። ስለ ሌሎቹ ሳህኖች ምንም አላነሳም። እሷ የወረሰችውን ነው የምትሠራው፤ እሱም እንዲሁ ሲሠራ ኖሯል።

አውቶቡሱ አዲስ ነው፤ ወንበሩ ለስላሳ፣ መስኮቱ ሰፊ። ሴትየዋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ዛሬ መስኮት የእሷ ነው። ሹፌሩ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጁና አማቹ ከኋላቸው ናቸው። ከተማዋን ወጥተው ሜዳው ሲጀምር ሴትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች። በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ትንሽ ጨው በወረቀት፣ ሁለት ብርቱካን። ካረፉበት ቤት አብሳይ ጋር ጠዋት ተማክራ ያስቀቀለችው ነው፣ ያኔ ዓይኗ ገና እንደታሸገ።

«የት እንደምወስድሽ ታውቂ ነበር» አላት።

«ታዲያ ሌላ የት ትወስደኛለህ?»

እንቁላሉን ላጠ። መንገደኛ ሆኖ በልቶ ስለማያውቅ ቅርፊቱን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ መዳፉ ውስጥ ይዞት ቀረ። ከኋላ አማቹ እጁን ዘረጋ፤ ዳቦ ሰጡት። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠች፣ ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት ከያዘችው ብስኩት አቀበለቻቸው፤ ብርቱካን ተቀበለች። ሹፌሩ ይህ ሁሉ ከጀርባው ሲሆን የኖረ ነገር መሆኑን አሰበ። እነዚያን ሰዎች ይወዳቸው ነበር። ግን የሚያውቃቸው በኋላ መመልከቻው መስታወት ውስጥ፣ በግንባራቸው ብቻ ነበር፤ ግብዣቸው ከመስታወቱ በታች ነበር። ሰው ያልተገኘበት ነገር ይናፍቀዋል? እሱን ናፈቀው። ያን ክፍል፣ ያን ድስት ትቶ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የማያውቀው ሰው የቆረሰለትን ዳቦ ለመቀበል ናፈቀ።

«ማን ምን ያመጣ ነበር?» አላት። «ንገሪኝ።»

ነገረችው። ብርቱካን በከረጢት የሚያመጣ አስተማሪ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ የማር ዳቦ ታመጣለች፤ ስትቆርስ ሁልጊዜ ለሹፌሩ ብላ አንድ ታስቀምጥና መስጠቱን ስትፈራ ራሷ ትበላዋለች። ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌ ጥርስ ስለሌላቸው ሰው ሁሉ የዳቦውን ለስላሳ ለእሳቸው ይመርጥላቸዋል። እሱ እየሰማ አንዳንዱን ግንባር ከስሙ፣ ከምግቡ ጋር ሊያገናኝ ሞከረ።

ጠመዝማዛው ሲጀምር ሴትየዋ እጇን ሰድዳ መስኮቱን ከፈተች።

«አቅለሸለሸሽ?» አላት ደንግጦ።

«ኧረ። እዚህ ጋ ብርቱካን ነበር የምንልጠው። ሽታው ፊት ደርሶ እንዳታውቅብን መስኮት እንከፍት ነበር።»

ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። ያቅለሸለሻችሁ መስሎኝ ነው እኮ ፍሬን የምይዘው አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ያን ሁሉ ዘመን፣ በየጉዞው።

ሴትየዋ በአዲሱ ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን እሷም አታውቀውም ነበር። «እኛ ደግሞ» አለች፣ «አውቆ ነው፣ ብርቱካኑን እስክንጨርስ ነው ቀስ የሚለው እንል ነበር። ሽማግሌው በየጊዜው ይመርቁህ ነበር።»

አውቶቡሱን የሚነዳው ወጣት ሹፌር ጠመዝማዛውን በፍጥነት ዞረው። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ ከሴትየዋ ጭን ላይ የቀረው ግማሽ ብርቱካን ወድቆ ከፊታቸው ካለው መቀመጫ ሥር ገባ። ባሏ መዳፉን ከፈተ፤ የእንቁላሉ ቅርፊትም ተከትሎ ወረደ። ከፊት፣ ከኋላ መመልከቻው መስታወት ውስጥ፣ የተቆጣ ዓይን አየው። ያን ዓይን ያውቀዋል።

ልማድ ሆኖበት ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ከዚያ ተወውና ወደ ኋላው ተደገፈ።

«ሲጠርግ ያገኘዋል» አለ።